ተረት ተብሎ የተዘጋው መዝገብ

ሰሞኑን ስለ ምድር ሳይንስ አጀማመር የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው አቋማቸውን አይደብቁም፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። ሐሳባቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ምድርን በተረት ሲያያት ኖረ። አማልክት ያናውጧታል፣ ዓሣ ተሸክሟታል፣ ከተፈጠረች ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው እያለ ባጀ። በ1788 አንድ ስኮትላንዳዊ ከአንድ የባሕር ዳር ገደል ፊት ቆመ፤ ተረቱ ወደቀ፤ ሳይንሱ ተወለደ።

ከዚህ ተነሥተው አምስት ነገር ያስረግጣሉ። ሥነ ምድር የተወለደው ሃይማኖታዊውን የሥነ ፍጥረት እሳቤ በማባረር ነው ይላሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ የዘመን ቆጠራ ለሳይንሱ እግር ብረት እንጂ ሌላ አልነበረም ይላሉ። ሙስሊሞቹና ቻይናውያኑ ተፈላሰፉ እንጂ ድንጋይ አላዩም ይላሉ። በቃል የሚወርድ የሕዝቦች ትረካ ለምድር ሳይንስ አንዲት መረጃ አላበረከተም ይላሉ። በመጨረሻም የዛሬው የምድር ሳይንስ ከማንኛውም የዓለም ሥዕል ነጻ ወጥቷል ብለው ይዘጋሉ።

እኔ ሥነ ምድርን ተምሬ ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጽሑፉን አንብቤ ማለፍ ያልቻልኩት ይኸው ታሪክ በዚሁ መልኩ በመማሪያ ክፍሎች ሲነገር ስለኖረ ነው፤ እኔም በጀማሪነቴ አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ አምስቱንም በተራ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሥነ ፍጥረት እሳቤ ስልም አንድ ሕዝብ ዓለም ከየት እንደመጣች፣ በምን እንደጸናችና ወዴት እንደምትሄድ በልቡ የያዘውን አጠቃላይ ሥዕል ማለቴ ነው።

ከገደሉ እንጀምር። ቦታው ሲካር ፖይንት ይባላል፤ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ነው። ከታች ያለው ግራጫ አለት ንብርብሩ ቀጥ ብሎ፣ በመደርደሪያ ላይ እንደተገተሩ መጻሕፍት ቆሟል። ከላዩ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ለጥ ብሎ ተኝቶበታል። የታችኛው በአንድ ወቅት በባሕር ወለል ላይ ጠፍጣፋ ጭቃ ነበር፤ ደረቀ፣ ታጠፈ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ዝናብና ሞገድ ላጩት፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀዩ አሸዋ የለበሰው። በጀልባ አብሮ የሄደው ጆን ፕሌይፌር ወደዚያ የጊዜ ጥልቀት ሲመለከት አእምሮው የዞረበት መስሎት እንደነበረ ጽፏል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በሚገባ ተርከውታል።

የዘለሉት ግን አለ። ያ ስኮትላንዳዊ፣ ጄምስ ሀተን፣ ንድፈ ሐሳቡን በኤድንብራ ለንጉሣዊው ማኅበር ያቀረበው በ1785 ነው፤ ገደሉን ከማየቱ ከሦስት ዓመት በፊት። ታዲያ ከምን አገኘው? ከእምነቱ ጭምር ነው። ሀተን በተአምር ጣልቃ የሚገባ አምላክን ባይቀበልም ምድርን ለሕያዋን መኖሪያ አድርጎ የሠራት ጥበበኛ ፈጣሪ እንዳለ ያምን ነበር። ገበሬም ነበረና አፈር ከአለት መፈራረስ እንደሚመጣ፣ የተፈራረሰውም በወንዝ ታጥቦ ባሕር እንደሚገባ በእርሻው አይቷል። ይህ ብቻ ቢሆን ምድር እያለቀች ትሄዳለች፤ ለኑሮ የተሠራች ዓለም ደግሞ እንዲሁ ተበልታ እንድታልቅ ፈጣሪዋ አይተዋትም። ስለዚህ ከባሕር ወለል አዲስ መሬት የሚያነሣ ኃይል መኖር አለበት፤ እርሱም ከሥር ያለው ሙቀት ነው። አመክንዮው ይህ ነው። ወጣት ሳለ በ1749 በላይደን የጻፈው የሕክምና መመረቂያ ስለ ደም ዝውውር ነበር፤ ዙሮ የሚመለስ ሥርዓትን በሰውነት አጥንቶ በኋላ በምድር ላይ ፈለገው። «የመጀመሪያ ምልክት፣ የመጨረሻም ፍንጭ አናገኝም» የሚለው ዝነኛ ቃሉ የወጣው ከዚህ የዑደት ሥዕል ነው። ገደሉ የመሰከረው አስቀድሞ ለተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

ከሀተን መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ደግሞ ኒኮላስ ስቴኖ የሚባል ደንማርካዊ ሊቅ አለ። በ1666 ፍሎረንስ ውስጥ የአንድ ግዙፍ ሻርክ ራስ ለምርመራ ቀረበለት። ጥርሱን አየ፤ ሰዎች ከተራራ እየለቀሙ «የምላስ ድንጋይ» ከሚሉት ነገር ጋር አስተያየው፤ አንድ ነው። የባሕር እንስሳ ጥርስ አለት ውስጥ ምን ያደርጋል ብሎ ሲጠይቅ የዛሬው ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማራቸውን ሕጎች በ1669 አሳተመ፦ ከታች ያለው ንብርብር ከላይ ካለው ይቀድማል፤ ንብርብር ሲፈጠር ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። ይህ ሰው የቱስካኒን ምድር ታሪክ በስድስት ደረጃ ከፍሎ ከኦሪት ዘፍጥረት ትረካ ጋር እንደማይጋጭ በዚያው መጽሐፍ ጽፏል። በኋላም ጳጳስ ሆኖ ሞተ። ሃይማኖትን በማባረር ተወለደ የተባለው ሳይንስ ዋነኛውን ሕጉን ያገኘው ከእንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የዘመን ቆጠራ ነው፤ ብዙ መቆየት የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር በ1650 ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004፣ በጥቅምት ወር ነው ብሎ አሰላ። ቁጥሩ ስህተት ነው፤ ምድር ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ኖራለች። ቁጥሩን የሙጥኝ ማለትም ጉዳት አድርሷል። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቡፎን ስለ ምድር በጻፈው ነገር የተነሣ በ1751 በፓሪስ የሥነ መለኮት ሊቃውንት ተገድዶ ሐሳቡን ሰርዣለሁ ብሎ ጽፏል። ይህን ጸሐፊው ሲያነሡ እኔም ከጎናቸው ነኝ።

ነገር ግን የዘመን ቆጠራ ሊቃውንቱ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ምን ያደርጉ እንደነበር እንመልከት። የዕብራይስጥ፣ የግሪክ፣ የሮማና የፋርስ ምንጮችን ያስተያያሉ፤ የነገሥታት ዝርዝር ከፀሐይ ግርዶሽ ጋር ያገናኛሉ፤ ቀን የሌለውን ድርጊት ቀን ባለው መካከል ያስገባሉ። የተቆራረጠ ማስረጃን በቅደም ተከተል መደርደር ጥበብ ነው፤ ይህ ጥበብ ነው ወደ ድንጋይ የተሻገረው። እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ሮበርት ሁክ ቅሪተ አካላትን ከጥንት ሳንቲሞችና ሐውልቶች ጋር አመሳስሎ ከእነርሱም የዘመን ቆጠራ ማውጣት እንደሚቻል ሲጽፍ ቃሉን የተዋሰው ከእነዚህ ሊቃውንት ነው።

ከዚህ ጠለቅ ያለ ነገርም አለ። አርስጣጣሊስ ዓለም መጀመሪያ የላትም፣ መጨረሻም የላትም ብሎ ነበር። ባሕርና የብስ ለዘላለም ቦታ ሲለዋወጡ ይኖራሉ። በእንዲህ ያለ ዓለም ጊዜ ሞልቶ ተርፏል፤ ታሪክ ግን የለም። ዛሬ የሆነው ትናንትም ሆኗል፣ ነገም ይሆናል፤ የትኛው ከየትኛው ቀደመ የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል። በአንጻሩ የኦሪት ሥዕል ጊዜው አጭር ነው፤ ግን መጀመሪያ አለው፣ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፣ የማይደገም ድርጊት አለው፣ ሰው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የምድር ሳይንስ ሁለቱንም ፈልጓል፦ የአንዱን ሰፊ ጊዜና የሌላውን ተራማጅ ታሪክ። የሀተን ምድር ራሷ ጊዜ እንጂ ታሪክ አልነበራትም፤ የዑደቷ መዞር እንጂ የየዘመኗ መለያ መልክ አላሳሰበውም። ታሪኩን የሰጧት የንብርብሩን ቅደም ተከተልና በውስጡ የተቀበሩትን እንስሳት የቆጠሩ ሌሎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ካህናት ነበሩ።

ከካህናቱ ሁለቱን ልጥቀስ። ዊልያም በክላንድ በ1823 በእንግሊዝ ዋሻዎች የተገኘውን የጅብ አጥንትና በየሸለቆው የተከመረውን ጠጠርና ጭቃ ለጥፋት ውኃ ምስክር አድርጎ መጽሐፍ አሳተመ። አዳም ሴጅዊክም በዚሁ ሐሳብ ያምን ነበር። ያንን ጠጠር ተከትለው ሸለቆ ለሸለቆ ሲዞሩ ነገሩ አልገጥም አላቸው። ሴጅዊክ በ1831 በሎንዶን የሥነ ምድር ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ወንበር ላይ ሆኖ ተሳስቼ ነበር ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ በክላንድም በኋላ ጠጠሩን ያመጣው የበረዶ ግግር ነው የሚለውን ተቀበለ። እሳቤው ወደ መስክ አወጣቸው፣ መስኩ ደግሞ እሳቤውን አረመው። እግር ብረት የታሰረ ሰው እንዲህ አይራመድም።

የሊዝበንን ጉዳይ ጸሐፊው ለራሳቸው ክርክር ስለተጠቀሙበት ጥቂት ልበል። በ1755 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት ከተማዋ ስትፈርስ ካህናቱ ቁጣ ነው አሉ፣ መንግሥት ግን መጠይቅ በተነ ይላሉ። መጠይቁ እውነት ነው። መንቀጥቀጡ ምን ያህል ቆየ? ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ባሕሩ አስቀድሞ ሸሸ ወይስ ወጣ? የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩበት። ግን በየደብሩ ሆነው መልሱን የጻፉት እነማን ናቸው? የደብር አስተዳዳሪ ካህናት ናቸው። ዛሬ የዚያን መንቀጥቀጥ ስፋት የሚያሰላ ተመራማሪ እጅ ያለው ወረቀት የእነርሱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሙስሊሞቹና ቻይናውያኑ ድንጋይ አላዩም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አጭር ነው፤ ምክንያቱም ይህ የአስተያየት ልዩነት ሳይሆን ያለማንበብ ጉዳይ ነው።

ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ሲና በልጅነቱ በመካከለኛው እስያ በኦክሰስ ወንዝ ዳር ሰዎች ራሳቸውን የሚታጠቡበት ሸክላ አፈር አይቶ ነበር። ከ23 ዓመት ገደማ በኋላ ያው አፈር ወደ ለስላሳ ድንጋይነት ተለውጦ አገኘው፤ ይህንኑም ጻፈ። ይህን ያህል ዓመት አንድን የወንዝ ዳር በልቡ የያዘን ሰው ድንጋይ አላየም ማለት እንዴት ይቻላል? ተራራ በሁለት መንገድ እንደሚፈጠር አስረዳ፦ ወይ እንደ ታላቅ መንቀጥቀጥ ያለ ነገር መሬቱን ያነሣዋል፣ ወይ ውኃና ነፋስ ለስላሳውን አለት ጠርበው ጠንካራውን ያስቀሩታል። ይህ እጅግ ረጅም ጊዜ እንደሚወስድም አልሸሸገም። ከአርስጣጣሊስ የወረሰው የዘላለማዊ ዓለም ሥዕል ጊዜን ሳይሰስት ሰጥቶት ነበርና ዓመት ለመቆጠብ አልተጨነቀም። ይኸው ጽሑፉ በ1200 ገደማ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ከአርስጣጣሊስ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ተለጠፈ፤ አውሮፓም የኢብን ሲናን ቃል የአርስጣጣሊስ ነው ብላ ለብዙ ዘመን አነበበችው።

አል ቢሩኒ ደግሞ የዓለምን ዘላለማዊነት አልተቀበለም፤ በአርስጣጣሊስ ትምህርት ላይ ከኢብን ሲና ጋር በደብዳቤ ተከራክሯል። እርሱም ግን በ1030 ገደማ ስለ ሕንድ ሲጽፍ ከተራራው አጠገብ ወንዙ በሚጋልብበት ቦታ የሚገኘው ድንጋይ ትልቅና ክብ እንደሆነ፣ እየራቁ ሲሄዱ እያነሰ እንደሚመጣ፣ ወደ ባሕር ሲጠጉ አሸዋ እንደሚሆን አስተውሎ የሕንድ ሜዳ ጥንት ባሕር ነበር፣ ደለል ሞላው ሲል ደመደመ። ዛሬ በማንኛውም የደለል ጥናት ኮርስ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው። በዓለም አፈጣጠር የማይስማሙ ሁለት ሊቃውንት በድንጋዩ ላይ ተስማሙ፤ ሁለቱም ግን ለማየት የተነሡት የየራሳቸው ሥዕል ስለገፋቸው ነው።

ወደ ቻይና ስንሄድ ማጉ የምትባል የዳኦ እምነት የማትሞት ሴት አለች፤ የምሥራቁ ባሕር ሦስት ጊዜ የእንጆሪ ማሳ ሲሆን አይቻለሁ ትላለች። ትረካ ነው። በ771 ያን ዤንቺንግ የተባለ ባለሥልጣንና የቁም ጽሕፈት ሊቅ በስሟ በሚጠራ ተራራ ላይ ስላለ መቅደስ ሲጽፍ በከፍታው ድንጋይ ውስጥ ዛጎል እንደሚገኝ፣ ይህም ያ የባሕርና የማሳ መለዋወጥ ትቶት የሄደው ሊሆን እንደሚችል መዘገበ። ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ሸን ኩዎ የተባለ ሊቅ በታይሃንግ ተራሮች ሥር ሲያልፍ በገደሉ ወገብ ላይ እንደ መቀነት የዞረ የዛጎልና የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጠጠር ረድፍ አየ። ባሕሩ ከዚያ አንድ ሺህ ሊ (የቻይና የርቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይርቃል። ይህ ቦታ ዱሮ የባሕር ዳር ነበር፤ ሜዳውን የሠራው እንደ ቢጫው ወንዝ ያሉ ድፍርስ ወንዞች የተሸከሙት ጭቃ ነው አለ። ከከርሰ ምድር ወጥቶ ያየውን፣ ቀርከሃ ነው ያለውን ድንጋይ የሆነ ተክል መነሻ አድርጎም ተክሉ የተገኘበት ደረቅ አገር በአንድ ወቅት እርጥበታማ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ባሕር ማሳ ይሆናል የሚል ትረካ ከልጅነቱ የሰማ ሰው ተራራ ላይ ዛጎል ሲያይ አይደነግጥም፤ ያነበዋል።

መንቀጥቀጥንም በተመለከተ የቻይና እሳቤ ንጉሥ የሚነግሠው በሰማይ ሹመት ነው ይላል። ምድር ስትናወጥ ሰማይ በአስተዳደሩ አልተደሰተም ማለት ነው። ምክንያቱ ስህተት ነው። ውጤቱ ግን እያንዳንዱ መንቀጥቀጥ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ መመዝገቡ ነው። በ132 የቤተ መንግሥቱ የሥነ ፈለክ ኃላፊ ዣንግ ሄንግ ስምንት ዘንዶና ስምንት እንቁራሪት ያለው የነሐስ መሣሪያ ሠራ፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከዘንዶው አፍ ኳስ ወደ እንቁራሪቱ አፍ ይወድቃል። አንድ ቀን ኳስ ወደቀ፤ በዋና ከተማዋ ማንም ምንም አልተሰማውም። ከቀናት በኋላ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ ከሎንግሺ መልእክተኛ ደረሰ፤ በዚያ መሬት ተንቀጥቅጦ ነበር። ጸሐፊው መሣሪያውን መጫወቻ ብለውታል። ስለ ውስጡ አሠራር የቀረን መግለጫ አጭር መሆኑ እውነት ነው። የታሪክ መጽሐፉ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታሪክ ጸሐፊዎች መንቀጥቀጥ የመጣበትን አቅጣጫ እንዲመዘግቡ መታዘዛቸውንም ይጨምራል። ይህ ልማድ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ መዝገብ አስቀመጠ። በ1956 የቻይና ሳይንስ አካዳሚ ከእነዚህ ሰነዶች የለቀመውን የመንቀጥቀጥ ዝርዝር በሁለት ቅጽ ሲያሳትም ዓላማው ፋብሪካ የት ቢሠራ እንደማይፈርስ ማወቅ ነበር። በጃንዋሪ 1556 ሻንሺን ያጠፋው፣ 830,000 ሰው እንደሞተበት የሚነገረው መንቀጥቀጥ የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ሰነድ ነው።

ሜክሲኮም እንደዚሁ። የናዋ ሕዝብ አራት ዓለማት ጠፍተዋል፣ የምንኖርበት አምስተኛው ደግሞ በመንቀጥቀጥ ይጠፋል ብሎ ያምን ነበር። እንዲህ የሚያምን ሕዝብ መንቀጥቀጥን አይዘነጋም። ቴሌሪያኖ ሬሜንሲስ በተባለው ባለሥዕል መጽሐፍ ውስጥ የተጠማዘዙ አራት ክንፎች ያሉት የ«ንቅናቄ» ምልክት ነጠብጣብ ካለበት የመሬት ንጣፍ ጋር ተስሎ ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ ይገኛል። ተመራማሪዎች ከ1460 እስከ 1542 ባለው ጊዜ 12 መንቀጥቀጦችን ቆጥረውበታል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር መስጠት ይገባኛል። የጥንት ሰዎች ሁሉን ያውቁ ነበር የሚሉ ሰዎችን ሲነቅፉ ልክ ናቸው። ፑራና የሚባሉት የሕንድ ጥንታዊ የሃይማኖት መጻሕፍት የሚቆጥሩት አንድ ካልፓ፣ ማለትም አንድ የዓለም ዘመን፣ 4.32 ቢሊዮን ዓመት መሆኑ ከምድር ዕድሜ ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ነው፤ ቁጥሩ የመጣው 432,000ን ከማባዛት እንጂ ከድንጋይ አይደለም። የጃፓኑ ግዙፍ አምባዛም ምድርን አያናውጥም። አንድን እሳቤ የማከብረው ትክክል ነበር ብዬ አይደለም። ሰዎች የት እንዲያዩ፣ ምን እንዲጠይቁና ምን እንዲያስቀምጡ እንዳደረጋቸው ስለማይ ነው። ጸሐፊው ግን ስህተቱን እንጥላለን ብለው መዝገቡንም አብረው ጣሉት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

የሚጎዳውም አራተኛው ነጥብ ላይ ነው። አንዲት መረጃ አላበረከተም ብለዋል። እስቲ በሃዋይ ወዳለው የኪላዌያ እሳተ ገሞራ እንሂድ።

በሃዋይ ትረካ የእሳተ ገሞራዋ አምላክ ፔሌ ታናሽ እኅቷን ሂኢያካን ፍቅረኛዋን ሎሂአውን ከካዋይ ደሴት እንድታመጣላት ትልካታለች። ሂኢያካ የምትወደውን ደን አደራ ብላ ትሄዳለች። ዘገየች። ፔሌ በቁጣ ደኑን አቃጠለችው። ሂኢያካ ስትመለስ ደኗ አመድ ሆኗል፤ በፔሌ ዓይን ፊት ሎሂአውን አቀፈችው። ፔሌ ሎሂአውን ገድላ ሬሳውን ከጉድጓዱ ጣለችው። ሂኢያካ ሬሳውን ለማውጣት ድንጋዩን ወዲያና ወዲህ እያስፈነጠረች ቆፈረች፣ ቆፈረች፤ ከዚህ በታች ብትቆፍሪ ውኃ ይመጣና እሳቱ ይጠፋል የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች የኪላዌያ ካልዴራ፣ ማለትም የተደረመሰው ሰፊ ጎድጓዳ፣ በ1790 ገደማ የተፈጠረ ይመስላቸው ነበር። የአሜሪካ የሥነ ምድር ቅየሳ ተመራማሪ ዶናልድ ስዋንሰን በ2008 ያሳተመው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን 60 ዓመት ያህል የፈሰሰ ላቫ በዚያው አካባቢ ያለውን የፑናን ሰፊ ደን አልብሶታል፤ ይህ የተቃጠለው ደን ነው። ከዚያ በኋላ፣ በ1500 ገደማ፣ የተራራው አናት ተደረመሰ፤ ይህ የሂኢያካ ቁፋሮ ነው። ጎድጓዳው ጥልቅ ስለነበረ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ለመቶዎች ዓመታት የፈነዱ አደገኛ ፍንዳታዎችን አስከተለ፤ ይህ የውኃው ማስጠንቀቂያ ነው። ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ በትረካው ውስጥ ተቀምጧል። ተመራማሪዎቹ ቢሰሙት ኖሮ ካልዴራውን በሦስት መቶ ዓመት ያህል ባላሳነሱት ነበር፤ ስዋንሰን ራሱ የጻፈው ይህንኑ ነው። ላቫን የምንከፋፍልባቸው «ፓሆይሆይ» (ለስላሳው) እና «አአ» (ሻካራው) የሚሉ ቃላትም የዚሁ ሕዝብ ናቸው።

ሌላም አለ። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያሉ ሕዝቦች ነጎድጓድ ወፍ ዓሣ ነባሪውን አንሥቶ ሲጥለው ምድር ተናወጠች፣ ባሕሩ ሸሽቶ ተመለሰ ይላሉ። በ1860ዎቹ አንድ የማካ ሕዝብ መሪ ለአካባቢው መምህር ውኃው ሲመለስ ታንኳዎች በዛፍ ላይ ተሰቅለው እንደቀሩ ነግሮት በማስታወሻው ጽፎታል። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ግን ብዙ ባለሙያዎች ያ ጠረፍ ታላቅ መንቀጥቀጥ አያውቅም ይሉ ነበር። በ1987 ብራያን አትዋተር መሬቱ ድንገት ሰምጦ በባሕር ጭቃና አሸዋ የተሸፈነ የረግረግ አፈር ማግኘቱን አሳተመ። የሞቱት ዛፎች ቀለበት ከኦገስት 1699 እስከ ሜይ 1700 ባለው ጊዜ እንደደረቁ አሳየ። በ1996 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በአገራቸው መንቀጥቀጥ ሳይሰማ የመጣ የአንድ ሱናሚ መዝገብ ይዘው ሰዓቱን ሳይቀር አሰሉት፦ ጃንዋሪ 26 ቀን 1700፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። በብርድ ወራት ሌሊት የመጣ ማዕበል መንደር እንዳጠፋ የሚናገረው የፓቼና የባሕር ወሽመጥ ሕዝብ ትረካም ከዚህ ጋር ገጠመ። ዛሬ በዚያ ጠረፍ የሚሠራ ሕንጻ ለዚያ ሌሊት ዓይነት መንቀጥቀጥ ይሰላል።

የጊዜውን ርቀት ካነሣን ደግሞ በዚያው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ያለው የክላማት ሕዝብ የታችኛው ዓለም አለቃ ከላይኛው ዓለም አለቃ ጋር ሲዋጋ ተራራው ተደርምሶ ውኃ እንደሞላው ይተርካል። ያ ተራራ ማዛማ ነው፤ የዛሬው ክሬተር ሐይቅ። የፈነዳው ከዛሬ 7,700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሰው በዚያ ነበርን? በ1938 በፎርት ሮክ ዋሻ ከማዛማ አመድ በታች ከቁጥቋጦ ልጥ የተሸመኑ ብዙ ጫማዎች ተገኙ። አመዱ ሲወርድ ያዩ ዓይኖች እንደነበሩ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ፤ የዛሬው ሳይንስ የዓለም ሥዕል የለውም ወደሚለው። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን ዓለም መጀመሪያም መጨረሻም እንዳላት በእምነቱም በሙቀት ሕጎችም ያምን ነበር፤ ለዚህም ነው የሀተንን ተከታዮች ማለቂያ የሌለው ዑደት የተቃወመው። ምድር ከቅልጥ ሁኔታ እየበረደች መጥታለች ብሎ በ1862 ዕድሜዋን ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት፣ በ1897 ደግሞ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት አደረገው። ቁጥሩ ወደቀ። ምድር የሙቀት ሒሳብ አላት፣ ጊዜዋም በፊዚክስ ሊለካ ይገባል የሚለው ጥያቄው ግን ቀረ፤ ክሌር ፓተርሰን በ1956 በሜትዮራይት፣ ማለትም ከጠፈር በወደቀ ድንጋይ፣ ውስጥ ካለው እርሳስ ከሚባለው ብረት 4.55 ቢሊዮን ዓመት ሲያወጣ የመለሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የባሕር ወለል እየተከፈተ እንደሚሰፋ የጻፈው ሃሪ ሄስም በ1962 የራሱን ጽሑፍ የምድር ግጥም ብሎ ነበር የጠራው።

የአሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ የሃርሌን ብሬትዝ ታሪክ ግን ለጸሐፊው በተለይ የምጽፈው ነው። ብሬትዝ በ1920ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት ምሥራቅ ደረቁን አገር በእግሩ ዞረ። አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ 120 ሜትር የሚወርድ የፏፏቴ ገደል አለ፤ የሚወርድበት ውኃ የለም። ባዶ ሸለቆዎች፣ የተገሸለጠ ጥቁር አለት፣ በአለቱ ላይ የተቦረቦሩ ግዙፍ ጉድጓዶች ሞልተዋል። ይህን የሠራው አንድ ድንገተኛ፣ እጅግ ግዙፍ ጎርፍ ነው ብሎ በ1923 ጻፈ። በጃንዋሪ 1927 በዋሽንግተን ከተማ ታላላቅ የሥነ ምድር ሊቃውንት ፊት ቆሞ ሐሳቡን አቀረበ፤ አንድ በአንድ ተነሥተው ነቀፉት፤ ከነቃፊዎቹም አብዛኞቹ ቦታውን በዓይናቸው አላዩትም። የውኃው ምንጭ የት ነው የሚለው ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ተቃውሞውን ያከረረው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ድንገተኛ ጎርፍ የኖኅን ውኃ ያስታውሳል፤ ሥነ ምድር ደግሞ ሁሉ ነገር በዝግታ ይሆናል የሚለውን እንደ ሃይማኖት ቀኖና ይዞት ነበር። ከተረት የሸሸው ሳይንስ የሽሽቱን አቅጣጫ ራሱን እውነት አድርጎት ነበር።

በ1942 ጆሴፍ ፓርዲ በሞንታና ውስጥ የአሸዋ ላይ ሞገድ የሚመስሉ፣ ግን አሥር ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው ጉብታዎችን ገለጸ። በበረዶ ግድብ የታገደ፣ ከ2,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ የያዘ ሐይቅ ግድቡ ሲሰበር በአንድ ጊዜ ወጥቶ ነበር። በ1965 ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የሥነ ምድር ሊቃውንት ያንን አገር በአውቶቡስ ጎበኙት፤ ገደሉን፣ ጉብታውን፣ ባዶውን ሸለቆ በዓይናቸው አዩ። ዕድሜው ከ80 ያለፈው ብሬትዝ አብሯቸው መሄድ አልቻለም ነበርና ቴሌግራም ላኩለት፤ የመጨረሻው መስመር «አሁን ሁላችንም የድንገተኛ ጥፋት አማኞች ሆነናል» ይል ነበር።